ለልጅ በዕድሜው ልክ፦ የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት በትምህርት ቤት ምን ያስተምራል?

«የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ወሲብ ምን ሊማር ነው?» ይህ ጥያቄ በወላጆችና መምህራን ስብሰባ ላይ ሲነሣ አዳራሹ ይታመሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ሰው ከሚፈራው የራቀ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ወሲብ አይማርም። የሚማረው የአካል ክፍሎቹን ስም፣ ሰውነቱ የራሱ መሆኑን፣ ማን ሊነካው እንደሚችልና እንደማይችል፣ የሚያስፈራው ነገር ቢደርስበት ለማን እንደሚናገር ነው። ስለ እርግዝና መከላከያ የሚነገርበት ዕድሜ ከዚያ ብዙ ዓመት ይርቃል።

ክርክሩ የሚደፈርሰው «የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት» ሲባል እያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነገር ስለሚያስብ ይመስለኛል። አንዱ ኮንዶም ይታየዋል፤ ሌላው በባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ያለው የማሕፀን ሥዕል ይታወሰዋል፤ ሌላው ደግሞ ባህልን የሚያፈርስ ከውጭ የመጣ ነገር ነው ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ መጀመሪያ ይዘቱን ማየት ይሻላል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውና በ2018 ያሻሻለው መመሪያ ተማሪዎችን በአራት የዕድሜ ክልል ይመድባል፦ ከ5 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 12፣ ከ12 እስከ 15፣ እንዲሁም ከ15 እስከ 18 እና ከዚያ በላይ። ልጅ መደመር ሳይችል ማባዛት እንደማይማር ሁሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ ደረጃ ከሥሩ ባለው ላይ ይቆማል። መመሪያው አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ አገሮች ከሕጋቸውና ከባህላቸው ጋር አስማምተው የየራሳቸውን ይቀርጻሉ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በኬፕታውን ተሰብስበው ለወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርትና አገልግሎት ለማስፋት ቃል ከገቡት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች አንዷ ናት።

ከታናናሾቹ እንጀምር፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው የእነርሱ ነገር ነውና።

«እማዬ፣ እኔ ከየት መጣሁ?» የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ የሚጠይቀው ነው። በእኛ ዘንድ የተለመደው መልስ «ከገበያ ገዝተንህ ነው» ወይም «ሐኪም ሰጥቶን ነው» የሚል ነው፤ ሲብስም «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም!» የሚል ቁጣ ይከተላል። ልጁ ግን ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት አልጠየቀም፤ የጠየቀው ቦታውን ነው። «በሆዴ ውስጥ ማሕፀን የሚባል የሕፃን ማደጊያ አለ፤ አንተም እዚያ ዘጠኝ ወር አድገህ ተወለድህ» ቢባል ረክቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ «እንዴት ገባሁ?» ብሎ ሲመጣ፣ ከአባት የሚመጣ ዘር ከእናት እንቁላል ጋር ሲገናኝ ፅንስ እንደሚጀመር ይነገረዋል። ለዚያ ዕድሜ ይህ ይበቃል። የተቆጣነው ልጅ ጥያቄውን አይተወውም፤ የሚጠይቀውን ሰው ነው የሚለውጠው።

የአካል ክፍል ስም ነገርም እንዲሁ ነው። ልጆቻችን አፍንጫ፣ ጉልበት፣ ክርን እያሉ ይቆጥሩና ብልታቸው ላይ ሲደርሱ «እንትን» ይላሉ። «እንትኔን አመመኝ» ያለችን ልጅ ሆዷን ይመማት፣ ስትሸና ያቃጥላት፣ ወይስ አንድ ሰው ጎድቷት እንደሆነ ለማወቅ እናት ትቸገራለች። ነርሷም ትቸገራለች፤ ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ከደረሰ ደግሞ ቃል ተቀባዩ ይቸገራል። ብልት የሚለውን ቃል ያለ ኀፍረት መናገር የምትችል ልጅ የደረሰባትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ትናገራለች። ጥቃት አድራሾች የሚመርጡት መናገር የማይችለውን ልጅ ነው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች እዚህ ላይ «ጥሩ ንክኪ» እና «መጥፎ ንክኪ» ብለው ያስተምራሉ። አለማስተማር ከዚህ የከፋ ነው፤ አከፋፈሉ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ልጅ መጥፎ የሚለው የሚያሳምመውን ነው። ጥቃት ደግሞ ብዙ ጊዜ በሕመም አይጀምርም፤ በከረሜላ፣ በጨዋታ፣ በመዳሰስ ይጀምራል። አድራጊውም አብዛኛውን ጊዜ የማይታወቅ መንገደኛ ሳይሆን ልጁ የሚያውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ፣ የቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ በስሜቱ እንዲመዝን ከመጠየቅ ይልቅ ግልጽ ደንብ መስጠት ይሻላል። ብልትህን ማየትም ሆነ መንካት የሚችለው የሚያጥብህ ወላጅ ወይም አሳዳጊ፣ ወይም ወላጅህ አብሮህ ባለበት የሚመረምርህ ሐኪም ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢነካህ፣ ቢያሳይህ ወይም እንድትነካው ቢጠይቅህ እምቢ በል፤ እምቢ ማለት ባትችልም ጥፋቱ ያንተ አይደለም። «ለማንም እንዳትናገር» ያለህ ሰው ካለ፣ ያንን ነው ፈጥነህ የምትናገረው።

በልደት ቀን ለሚሰጥ ስጦታ የተደበቀ ምስጢርና ስለ ሰውነት የተደበቀ ምስጢር አንድ አለመሆናቸውን የስድስት ዓመት ልጅ በደንብ ይረዳል። የመጀመሪያው ቀን ሲደርስ የሚገለጥ ነው፤ ሁለተኛው ጭራሽ እንዳይገለጥ የተፈለገ ነው። መምህሯ ይህን በሁለት ምሳሌ አስረድታ «አንድ ትልቅ ሰው አላምንህም ቢልህስ?» ብላ መጠየቅ አለባት። መልሱ «ለሌላ ሰው እነግራለሁ፤ የሚያምነኝ እስካገኝ ድረስ» የሚል ነው። ይህን ልጆቹ ጮክ ብለው ደጋግመው ሊሉት ይገባል።

ይህ ትምህርት ከአስተዳደጋችን ጋር የሚጋጭበት አንድ ቦታ አለ፤ ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ልጆቻችንን ታላቅ እንዲታዘዙ እናሳድጋለን። እንግዳ ሲመጣ «ሂድና ጋሼን ሳም» እንላለን፤ ልጁ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ቢሸሸግ እንኳ ገፋ አድርገን እንልከዋለን። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ልጁ ግን በዚያች ቅጽበት «ትልቅ ሰው ከፈለገ ሰውነቴ የእርሱ ነው» የሚል ትምህርት ያገኛል። እጅ በመጨበጥ ወይም ዝቅ ብሎ እጅ በመንሣትም ሰላምታ ይሰጣል። ልጁ ከነዚህ የፈለገውን እንዲመርጥ ቢተውለት ጨዋነቱም አይጎድልም።

አዋቂው ደግሞ ልጅ ሲነግረው ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ አለበት፤ ትምህርቱ ለመምህራንና ለወላጆችም መሆን ያለበት ለዚህ ነው። አለመጮኽ፣ «ለምን ሄድሽ?» አለማለት፣ አሥር ጊዜ አለማስደገም፣ ገላዋን ከማጠብና ልብሷን ከማጠብ መቆጠብ፣ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ቶሎ የሚባለው በሰዓት ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 120 ሰዓት ድረስ ቢሠራም በቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ባለበት ከተማ ሕክምናውም፣ ምክሩም፣ የሕጉም ጉዳይ በአንድ ቦታ ይጀመራል።

ከ9 እስከ 12 ባለው ዕድሜ ዋናው ጉዳይ ጉርምስና ነው። የሴቶች ልጆች ሰውነት ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ የወንዶቹ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ ይጀምራል። ትምህርቱ ከለውጡ መቅደም አለበት፤ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። የወር አበባ ምን እንደሆነ ሳትሰማ በክፍል ውስጥ ቀሚሷ ላይ ደም ያየች ልጅ የታመመች ወይም የቆሰለች ይመስላታል። ብዙዎቹ ደግሞ ስለ ወር አበባ መጀመሪያ የሚሰሙት በእነዚያ ቀናት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መግባት እንደሌለባቸው ሲነገራቸው ነው፤ ደሙ ለምን እንደሚመጣ ግን የሚያስረዳቸው የለም። ማስረዳቱ አጭር ነው። ማሕፀን በየወሩ ፅንስ ቢመጣ ብሎ ግድግዳውን ያወፍራል፤ ካልመጣ ያ ሽፋን ተገርስሶ ይወርዳል። ሕመም አይደለም፤ ቆሻሻ ደምም አይደለም።

ሞዴስ እንዴት እንደሚደረግና በየስንት ሰዓት እንደሚቀየር፣ መግዛት ያልቻለች ልጅ ንጹሕ ጨርቅ እንዴት አጥባ በፀሐይ አድርቃ እንደምትጠቀም ማሳየት ያስፈልጋል። ወንዶቹ በዚህ ጊዜ ከክፍል ባይወጡ እመርጣለሁ። የሚያሾፉት ስለማያውቁ ነውና። የራሳቸውም የሚነገራቸው ነገር አለ፤ ስለ ድምፅ መጎርነን፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ዘር መፍሰሱ ሕልመ ሌሊት የሚባልና በዚያ ዕድሜ የተለመደ ስለ መሆኑ የሚነግራቸው ሰው የለም። ወንድ ልጅ «እርሱ ራሱ ይወቅበት» ተብሎ ይተዋል፤ የሚያውቅበትም ቦታ ስልክ ሆኗል።

ከ12 እስከ 15 ላሉት ስልኩ ራሱ አንዱ ርእስ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወረውን የብልግና ቪዲዮ ያላየ የስምንተኛ ክፍል ወንድ ልጅ ማግኘት ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ የሚያየው ለገንዘብ የተሠራ ትወና እንደሆነ፣ እውነተኛ ግንኙነት ፈቃድና መከባበር እንደሚጠይቅ ካልተነገረው ያየውን እውነት አድርጎ ይይዘዋል። ሴቶቹም ፎቶ እንዲልኩ ይለመናሉ፤ ከላኩ በኋላ ደግሞ «ለቤተሰብሽ እልከዋለሁ» ተብለው ይገደዳሉ። ለዚህ ሥዕላዊ መማሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ግልጽ ውይይትና የሚሰማቸው አዋቂ ይበቃል።

በዚሁ ዕድሜ እርግዝና እንዴት እንደሚከሰት በትክክል መማር አለባቸው፤ በግማሽ የተማሩት ነገር አደገኛ ነውና። «የማያስረግዝ ቀን» የሚባለውን ነገር እንመልከት፤ በወጣቶች ዘንድ በሰፊው ይነገራል። አንዲት ልጅ መስከረም 5 የወር አበባዋ መጣ እንበል። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን በመሆኑ ቆጠራው ቀላል ነው፤ ዑደቷ 28 ቀን ከሆነ ቀጣዩ ጥቅምት 3 ይመጣል። እንቁላል የሚወጣው ከቀጣዩ የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሆነ መስከረም 19 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ስለሚችል የማርገዣው ጊዜ ከመስከረም 14 እስከ 20 ገደማ ነው። «እንግዲያው ከ20 በኋላ ችግር የለም» ያለችው ልጅ እዚህ ላይ ትሳሳታለች። በጉርምስና ዕድሜ ዑደቱ ገና አልተረጋጋም፤ ከ21 እስከ 45 ቀን ሊለዋወጥ ይችላል። ያ ወር 35 ቀን ቢሆንባት ቀጣዩ የሚመጣው ጥቅምት 10፣ እንቁላሉም የሚወጣው መስከረም 26 ነው። ቀኑ የሚታወቀው የወር አበባው ከመጣ በኋላ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው፤ አስቀድሞ አይታወቅም። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ሠርታ ያየች ልጅ «ዛሬ ምንም አይልም» በሚል ወንድ በቀላሉ አትታለልም።

ከፍ ያሉት ላይ አልቆይም፤ ይዘቱ በአመዛኙ የሚታወቅ ነው። የአባላዘር በሽታዎች፣ ኤች አይ ቪ፣ የእርግዝና መከላከያ ዓይነቶች፣ ምርመራ የት እንደሚገኝ፣ መታቀብ እርግጠኛው መከላከያ መሆኑ። የማሕፀን በር ካንሰር ክትባትም እዚህ ይገባል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ስትጀምር «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ወሬውን ማስቆም የሚቻለው ክትባቱ ምን እንደሚከላከል በክፍል ውስጥ በማስረዳት ነው።

ሕጉን ግን ለማለፍ አልፈልግም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 አድርጓል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅ ጠልፎ የደፈረ ሰው ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ማምለጫ ዘግቶታል። ይኸው ሕግ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር የሚደረግን ግንኙነት እስከ 15 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከላከያ አይሆንም። ይህን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፈር ጎረምሳ ያውቀዋል? ካላወቀ ትምህርት ቤት ሊነግረው ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ፍርሃት፦ ማስተማሩ ልጆቹን አይቀሰቅስም ወይ? ዩኔስኮ መመሪያውን ሲያሻሽል 22 የጥናት ግምገማዎችንና በዕጣ የተመደቡ ቡድኖችን ያነጻጸሩ 77 ጥናቶችን አስመርምሯል። የተገኘው ውጤት ትምህርቱ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የመጀመሪያ ዕድሜን እንደማያፋጥን፣ እውቀትን እንደሚጨምርና መከላከያ መጠቀምን እንደሚያበረታ ነው። «ታቀቡ» ብቻ ብለው የሚያቆሙ መርሐ ግብሮች ግን ግንኙነት መጀመርን በማዘግየት ረገድ ውጤታማ ሆነው አልተገኙም። መታቀብን ማስተማር ተገቢ ነው፤ ሌላውን መደበቅ ግን መታቀብን አያጠናክርም።

ልጆቻችን ሳይማሩ የት እንዳሉም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል ይላል። በአዲስ አበባ 3 በመቶ ሲሆን በአፋር 23 በመቶ ይደርሳል። ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ውስጥ ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ እውቀት ያላቸው 24 በመቶ ሴቶችና 39 በመቶ ወንዶች ብቻ ነበሩ። የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ተቋቁመው መፈክር ሲያሰሙ ከኖሩ በኋላ ነው ይህ የተገኘው። ዳሌዋ ሳይሰፋ የምትወልድ ልጅ ምጡ ሲጠናባት ለፌስቱላ (በምጥ ጫና በተፈጠረ ቀዳዳ ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ቁጥጥር ለሚፈስበት ጉዳት) ትጋለጣለች፤ ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የአዲስ አበባውን የፌስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት እንዲህ ያሉ እናቶች ስለበዙባቸው ነበር።

የሃይማኖት አባቶች ጥያቄ የተለየ አክብሮት ይገባዋል። ወላጅ ልጁ በእምነቱ ሥርዓት እንዲያድግ መፈለጉ መብቱ ነው፤ ትምህርት ቤትም በዚያ ቦታ ሊተካ አይችልም። ነገር ግን የሃይማኖት ትምህርታችን ራሱ ስለ ሰውነት ዝም አይልም። በመድረሳ የሚማር ልጅ ስለ ሐይድ (የወር አበባ) እና ስለ ትጥበት ሕግጋት በግልጽ ይማራል፤ በቤተ ክርስቲያንም ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሕልመ ሌሊት ሥርዓት አለ። ትምህርት ቤት ሰውነቱ እንዴት እንደሚሠራ ቢነግረው፣ የንስሐ አባቱ ወይም ኡስታዙ እንዴት መኖር እንዳለበት ቢነግረው አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

ይልቅ የሚያሳስበኝ መምህሩ ነው። የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ሲደርስ «ይህንን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ገጹን የሚያልፍ መምህር ጥቂት አይደለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እርሱም በዝምታ ያደገ ነው፣ ያሠለጠነውም የለም፤ ፊቱ የተቀመጡት ሰባ ተማሪዎች ደግሞ ሳቅ ሊያፈነዱ ይጠብቃሉ። ሥልጠና ያገኘ መምህር መጀመሪያ እንዲስቁ ይተዋቸዋል፤ ከዚያ ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄያቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በሣጥን እንዲጨምሩ ያደርጋል። ከሣጥኑ የሚወጣው ጥያቄ በአፍ የማይጠየቀው ነው፤ «አንዱ ጡቴ ከሌላው ይበልጣል፣ በሽታ ነው?» «በመሳሳም ይረገዛል?» የሚል። የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ሳለ ከዚህ ትምህርት ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ ለማይሰማ ልጅ በምልክት ቋንቋ፣ ለማታይ ልጅ በሚዳሰስ ነገር ማስተማር ያስፈልጋል።

በውጭ ለሚኖሩ ወላጆች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በእንግሊዝ ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ደኅንነት መማር ግዴታ ነው፤ ወላጅ ልጁን ማስወጣት የሚችለው ከወሲብ ትምህርቱ ክፍል እንጂ ከዚህ አይደለም። በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ለወላጅ ማሳወቅና መማሪያውን ማሳየት አለበት፤ ወላጅም በጽሑፍ እምቢ ማለት ይችላል። ደብዳቤው በልጁ ቦርሳ መጥቶ ሳይነበብ ይቀርና ወሬው በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ግቢ ሲሰማ ድንጋጤ ይፈጠራል። ደብዳቤውን ማንበብ፣ ካልገባም አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው።

አገር ቤትም ሆነ ውጭ፣ ወላጅ ትምህርት ቤቱን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ያው ናቸው። በልጄ ክፍል ዘንድሮ የሚሰጠው ይዘት የቱ ነው? መጽሐፉን ላየው እችላለሁ? የሚያስተምረው ማን ነው፣ ምን ሥልጠና አግኝቷል? የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃና መቆለፊያ አለው? አንድ ልጅ በመምህር ወይም በሌላ ሠራተኛ ተጎዳሁ ብሎ ቢመጣ አቤቱታው ወደ ማን ይሄዳል? ለመጨረሻው ጥያቄ ርእሰ መምህሩ የሰውየውን ስምና የሥራ ድርሻ ወዲያውኑ መናገር ካልቻለ፣ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ እንዲሆን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።